ዚፕ መጨረሻ ላይ አይመረጥም

ስለ ጨረቃ፣ ስለ ናፍቆት ወይም ስለ ተከዜ ወንዝ ቢጻፍ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ስለ ዚፕ ሲሆን ግን አንባቢ ፈገግ ይላል። ፈገግታውን አልቃወምም። ይሁን እንጂ በሰቆጣ ከተማ በነሐሴ ወር አጋማሽ የአንዲትን ልጃገረድ የዓመት ደስታ በአንድ ቅጽበት ሊያጨልም የሚችለው ምንድን ነው ተብዬ ብጠየቅ፣ ከዝናቡ ቀጥሎ የምጠራው በጀርባዋ ላይ የተሰፋውን፣ ከትንሽ ጣት የጠበበውን የዚፕ መስመር ነው። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፌ ቤት ውስጥ በተፈተለና በሰፈር ልብስ ሰፊ በተሰፋ ልብስ ላይ ስለሚገባው ዚፕ ይሆናል። የምሟገትለትም ሐሳብ አንድ ነው፤ ዚፕ ከሁሉ በፊት እንጂ ከሁሉ በኋላ አይመረጥም።

ሻደይን ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት ልበል። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ባሉት ቀናት፣ የዋግ ኽምራ ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ረጅም ለምለም ሣር በወገባቸው ታጥቀው፣ ከበሮ ይዘው፣ በቡድን በቡድን ሆነው ይጫወታሉ። በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባሉት በዓላት የሻደይ እኅቶች ናቸው። ጭፈራው ቆሞ የሚጨፈር አይደለም፤ ወገብ ይታጠፋል፣ ትከሻ ይንቀጠቀጣል፣ ክንድ ወደ ላይ ይነሣል፣ ከቤት ወደ ቤት፣ ከመንደር ወደ አደባባይ ይኬዳል። ቀሚሱ ደግሞ ለተቻለው ቤት አዲስ ነው። እንግዲህ አዲስ ቀሚስ፣ በሣር የታጠቀ ወገብ፣ የማያቋርጥ ዝላይና አንድ ደካማ ዚፕ ሲገናኙ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም።

በባንክ መስኮት በኩል ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው የበዓሉ መቃረብ የሚታወቀው በቀን መቁጠሪያ ብቻ አይደለም። ከሐምሌ መገባደጃ ጀምሮ እናቶች ለወራት በጥቂት በጥቂቱ ያጠራቀሙትን ገንዘብ ሊያወጡ ይመጣሉ። ለምን እንደሚያወጡ አልጠይቅም፤ ሳልጠይቅ ግን «ለልጄ የሻደይ ልብስ» ብለው ይነግሩኛል። ከዚያች ገንዘብ በስተጀርባ ያለውን ድካም እስቲ አብረን እንቁጠረው። ጥጡ ይገዛል፤ ይዳመጣል፣ ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል። ፈትሉ ወደ ሸማኔ ሄዶ ድርና ማግ ይሆናል፤ ጥለት ይገባበታል። ሸማው ወደ ልብስ ሰፊ ይሄዳል፤ ጥልፍ ከተፈለገ ደግሞ ጠላፊ ይጨመራል። የዚህ ሁሉ ሰንሰለት የመጨረሻ ቀለበት ዚፑ ነው። በዋጋም ከሁሉ የሚያንሰው እሱ ነው። ትንሽ በመሆኑም ማንም አይከራከርበትም። በጥለቱ ቀለም ላይ ግማሽ ቀን የተማከሩ እናትና ልጅ፣ ዚፑ ላይ ሲደርሱ ልብስ ሰፊውን «ያገኘኸውን አድርግበት» ብለውት ይሄዳሉ።

የእኔ ጠብ ከዚህች አባባል ጋር ነው። ልብስ ሰፊው በታዘዘው መሠረት ያገኘውን ያደርጋል። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሃያ ቀሚስ በፊቱ ተቆልሎ፣ ከሱቅ የቀረው ዚፕ ወይ ለሱሪ የተሠራ ወይ ለቦርሳ የሚሆን ሲሆን ምን ያድርግ? ጥፋቱን በእሱ ላይ መጫን ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። ምርጫውን የተወው ባለቤቱ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ ደግሞ ከሌላ ማዕዘን ይነሡና «ዚፕ ድሮስ ለሀገር ልብስ ምኑ ነው? ይቅርና እንገላገል» ይላሉ። ክርክራቸው ክብደት አለው። የጥንቱ ቀሚስ ሰፊ ነበር፤ በራስ በኩል ይጠለቃል፣ በመቀነት ይታሰራል፣ አበቃ። የሚሰበር ነገር የለውም። ልጅቷ ብታድግ መቀነቱ ይላላል እንጂ ቀሚሱ አይጠብም፤ ለታናሽ እኅት ሲተላለፍም ብዙ ማስተካከያ አይፈልግም። ዚፕ ያስፈለገው ቀሚሱ ወገቡ ላይ መጥበብ ከጀመረ በኋላ ነው። ጠባብ ወገብ ያለው ልብስ በትከሻ ወይም በዳሌ አልፎ ሊለበስ የሚችለው የሚከፈትና የሚዘጋ ቦታ ሲኖረው ብቻ ነውና። ስለዚህ ሰፊ ቀሚስ ለምትወድ ልጅ ዚፕ አያስፈልጋትም፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

«ባዕድ ነው» የሚለውን ምክንያት ግን አልቀበልም። ዚፕ ባዕድ ከሆነ በየሱቁ በረንዳ ላይ የሚንኳኳው የስፌት መኪናም ባዕድ ነው፤ እሱን ግን ማንም ከባህል ውጣ አላለውም። ደግሞስ ዚፕ በተወለደበት ሀገር ቢሆን መች ወዲያው ተወደደ? አሜሪካዊው ዊትኮም ጀድሰን በ1893 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ዐውደ ርእይ ላይ ያሳየው የመጀመሪያው መዝጊያ ለጫማ የታሰበ ነበር፤ እየለቀቀም ያስቸግር ነበር። ዛሬ የምናውቀው፣ ጥርሶቹ እርስ በርሳቸው የሚነካከሱት ዚፕ የተገኘው ከሃያ ዓመት በኋላ በ1913 እ.ኤ.አ.፣ በስዊድን ተወላጁ መሐንዲስ በጊዲዮን ሰንድባክ እጅ ነው። «ዚፐር» የሚለው ስምም የወጣለት በ1923 እ.ኤ.አ. የጉድሪች ኩባንያ በጎማ ጫማዎቹ ላይ ባዋለው ጊዜ ነበር። ከጫማ ተነሥቶ ወደ ወይዛዝርት ቀሚስ ለመድረስ ተጨማሪ ዓመታት ፈጅቶበታል። እንግዲህ ዚፕ በሁሉም ዘንድ በእንግድነት ገብቶ በሥራው የተለመደ ነገር ነው። በእኛም ዘንድ ሊመዘን የሚገባው በትውልዱ ሳይሆን በሥራው ነው።

በሥራው ለመመዘን አራት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ ጨርቁ ምን ያህል ይሸከማል? የምትለብሰው ማን ናት? ልብሱ እንዴት ይታጠባል? ነገ ቢበላሽ እዚሁ ይጠገናል ወይ?

ከጨርቁ እንጀምር። በገበያ የምናገኛቸው ዚፖች በጥርሳቸው ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የብረት ነው፤ ጥርሱ ከናስ ወይም ከአሉሚኒየም ይሠራል። ሁለተኛው ጥርሱ አንድ በአንድ የተተከለ የፕላስቲክ ዚፕ ሲሆን በጃኬት ላይ የምናየው ነው። ሦስተኛው የናይለን ዚፕ ነው፤ ጥርስ የሚመስለው ነገር እንደ ሽቦ ጥቅልል የተጠማዘዘ አንድ ረጅም ክር ነው። ብዙ ሰው ብረት ይጠነክራል ብሎ ብረቱን ይመርጣል። ለጂንስና ለካኪ ሱሪ እውነት ነው። በእጅ ለተፈተለ ሸማ ግን ጥንካሬው ራሱ ጠላት ነው፤ ብረቱ ከጨርቁ ይከብዳል፣ ቀሚሱን ወደ ታች ይጎትታል፣ በጠርዙ በኩል ድሩን ከማጉ ይለያል። ዚፑ ሳይበላሽ ጨርቁ ይበላሻል። ዚፕ ከጨርቁ ቀድሞ ቢለቅ በጥቂት ብር ይተካል፤ ጨርቁ ከዚፑ ቀድሞ ከተቀደደ ግን የአንድ ክረምት ፈትል ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ለሸማ የሚሻለው ቀላሉና እንደ ልብ የሚታጠፈው የናይለን ዚፕ ነው።

መጠንም አለው። በብዙ ዚፖች ላይ፣ ከሚንሸራተተው ራስ በስተጀርባ፣ 3 ወይም 5 ወይም 8 የሚል ቁጥር ተቀርጾ ይገኛል። ቁጥሩ ጥርሶቹ ሲዘጉ የሚኖራቸውን ስፋት በሚሊ ሜትር በግምት ያመለክታል። ለቀጭን ቀሚስ 3 ይበቃል፤ ለሱሪና ለቀላል ጃኬት 5፣ ለወፍራም ካፖርትና ለቦርሳ 8 እና ከዚያ በላይ ይስማማል። ይህን ቁጥር አይቶ ለመግዛት ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ ዚፑን ገልብጦ ማየት ብቻ ነው።

ሲዘጋ ስፌት ብቻ የሚመስለው ስውር ዚፕ ከሽሮ ሜዳ በሚመጡ ቀሚሶች ላይ ታይቶ በብዙዎች ተወዷል። ውብ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ለቆመችና ለተቀመጠች ሙሽራ እንጂ ለምትዘል የሻደይ ልጃገረድ በጣም አይታመንም። በተለይ ወገቡ ላይ ስፌት በስፌት ላይ በተደረበበት፣ ጥለትና ገበር በተገናኙበት ቦታ ራሱ ሲደርስ ይያዛል፤ በኃይል ሲሳብም ይለቃል። ለጭፈራ ቀሚስ ተራው የናይለን ዚፕ፣ በላዩ ቀጭን የጨርቅ መሸፈኛ ተደርጎለት፣ ውበቱም ሳይጎድል ጉልበቱ ይበልጣል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልለፍ፤ የምትለብሰው ማን ናት? ዚፕ የት ይቀመጥ የሚለው በዚህ ይወሰናል። ሻደይ የምትታጠቅ ልጅ ዚፑ በጎኗ ከሆነ ሣሩ በቀጥታ በላዩ ያርፋል፤ ይጫነዋል፣ ይፈትገዋል፣ የሣሩም ጭረት በጥርሱ መካከል ይገባል። በጀርባ የሆነ እንደሆነ ሣሩ የሚነካው በወገብ በኩል ያለውን ጥቂት ቦታ ብቻ ነው፤ ከላይ ጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ መንጠቆ ከታከለችበት ደግሞ ክንድ ሲነሣ የሚመጣውን ጉተታ መንጠቆዋ ትቀበለዋለች። አራስ ወይም አጥቢ እናት ግን የጀርባ ዚፕ ምን ያደርግላታል? ሕፃኑ ባለቀሰ ቁጥር ቀሚሷን ሙሉ በሙሉ ልታወልቅ ነውን? ለእሷ በፊት ለፊት፣ በጥልፉ ዳርና ዳር ተሸሽጎ የሚከፈት ያስፈልጋታል። ብቻዋን ለምትኖር አሮጊትም ጀርባ ላይ ያለ ዚፕ የጎረቤት እጅ የሚያስጠራ ነገር ነው፤ እጇ በሚደርስበት ቦታ ሊሆንላት ይገባል። ልብስ ሰፊው ይህን ሁሉ በራሱ ሊያውቅ አይችልም። ነጋሪ ይሻል።

የማደግ ነገርም አለ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በዓመቱ አንድ ዓይነት አይደለችም። ጠባብ ቀሚስ በዚፕ የምታሰፋ እናት ከዚፑ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጣት የሚያህል ትርፍ ጨርቅ እንዲታጠፍ ብታዝዝ፣ በከርሞው ነሐሴ ዚፑ ተፈትቶ ቀሚሱ ሊለቀቅላት ይችላል። የጥንቱ ሰፊ ቀሚስ ይሰጥ የነበረውን ዕድሜ በከፊል የምንመልሰው በዚህ ነው። የዚፑም ርዝመት አይሰሰትበት። ለአዋቂ ሴት የጀርባ ዚፕ ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከወገቡ ጥበት አልፎ ወደ ዳሌ ካልወረደ፣ ልብሱ በተለበሰና በወለቀ ቁጥር ሸክሙ በመጨረሻው ጥርስ ላይ ይወድቃል። የናይለን ዚፕ ቢረዝም በክር አጥብቆ ሰፍቶ ማሳጠር ይቻላል፤ ያጠረን ዚፕ ማስረዘም ግን አይቻልም።

ሦስተኛው ጥያቄ የእጥበት ነው። በእጅ የተሸመነ የጥጥ ጨርቅ መጀመሪያ በታጠበ ጊዜ ይሰበሰባል፤ የዚፑ ጠርዝ ግን ሰው ሠራሽ ክር ስለሆነ አይሰበሰብም። ስለዚህ ሳይታጠብ የተሰፋ ሸማ ከበዓሉ በኋላ ሲታጠብ ጀርባው እንደ ታረሰ ማሳ ትልም በትልም ይሆናል። ብዙዎች «ዚፑ ተጣመመ» ይላሉ፤ የተሰበሰበው ግን ሸማው ነው። መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሸማውን ከመቁረጥ በፊት ነክሮ ማድረቅ ነው። ቀጥሎም ልብስ ሰፊው ጨርቁን ሳይጎትት በመጀመሪያ በእጅ ወስውሶ፣ ከስሩ ቀጭን አቡጀዲ ደግፎ ቢሰፋው፣ ስስ የሆነው ሸማ ብቻውን አይሸከምም። ካውያም ሲመጣ በናይለኑ ላይ በቀጥታ አይለፍ፤ ይቀልጣል።

አራተኛው ጥያቄ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል፤ ነገ ቢበላሽ እዚሁ ይጠገናል ወይ? ዚፕ ሲለቅ ብዙውን ጊዜ በሽታው ከጥርሱ ሳይሆን ከሚንሸራተተው ራስ ነው። ራሱ በአገልግሎት ብዛት አፉ ይከፈትና ጥርሶቹን አጥብቆ መግጠም ያቅተዋል። ያን ጊዜ በፒንሳ ግራና ቀኙን ቀስ አድርጎ ጫን ማለት ብቻ ብዙ ዚፕ ከሞት ያስነሣል፤ ከመጠን ያለፈ እንደሆነ ግን ራሱ ይሰበራል። አልንሸራተት ካለ የሻማ ቁራጭ ወይም ደረቅ ሳሙና ይቀባል። ነጠላው ወይም ክር ከገባበት ወደ መጣበት አቅጣጫ በዝግታ መመለስ እንጂ መጎተት አይገባም፤ አባቶች «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት ለዚህም ይሆናል። የናይለን ዚፕ መሃል ለመሃል ቢለቅ እንኳ ራሱን እስከ ታች አውርዶ እንደገና ሲስቡት ብዙ ጊዜ ይገጥማል። ከብረት ዚፕ መሃል ግን አንድ ጥርስ ከወደቀ መመለሻ የለውም።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ዋግ ኽምራ በዘለቀ ጊዜ የዚህን ጥያቄ ትርጉም ሁላችንም ተምረናል። መንገድ ሲዘጋ፣ መብራትና ባንክ ሲቋረጥ፣ ከሩቅ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ቀረ። በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና መብራት አይጠይቅም፤ ሸማም ከቤት ፈትል ይገኛል፤ ዚፕን ግን ማንም በቤቱ አይፈትለውም። እንዲህ ባለ ጊዜ ከአሮጌ ጃኬት ላይ ዚፕ ፈትቶ ማስቀመጥ ስስት ሳይሆን ብልሃት ነው። ዛሬም ቢሆን የማይለበስ የሰልባጅ ልብስ ከመጣሉ በፊት ዚፑ ይፈታ እላለሁ። ጥሩ ዚፕ ከሁለትና ከሦስት ልብስ በላይ ይኖራል።

ለወንዶች ልብስ ብዙ አልልም። ለተማሪ ሱሪ የብረት ዚፕ ይሁን፤ ለደጋው ብርድ የሚሰፋ ጃኬት ከታች ሙሉ በሙሉ የሚለያይ ዚፕ ይሁንለት፤ የጓንት ያህል በወፈረ ጣት እንኳ የሚያዝ ረጅም ምላስ ይኑረው። ይኸው ነው።

ሱቅ ስንገባ ምን እንመልከት? ዚፑን አሥር ጊዜ ከፍቶ መዝጋት፤ ተዘግቶ ሳለ ማጠፍና ጎን ለጎን መሳብ፤ ራሱን መሃል ላይ አቁሞ በራሱ ይንሸራተት እንደሆነ ማየት፤ ከጨርቁ ቁራጭ ጋር አንድ ላይ አንጠልጥሎ ማን ማንን እንደሚጎትት መመዘን። በራሱ ላይ የተቀረጸ ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በ1934 እ.ኤ.አ. በጃፓን የተመሠረተው የዋይ ኬ ኬ ስም በዓለም ዙሪያ ስለሚታወቅ፣ ስሙን ብቻ የተዋሱ ዚፖችም በዓለም ዙሪያ ይሸጣሉ። ፊደል ይዋሳል፤ አሥር ጊዜ ያለ እንከን መከፈትና መዘጋት ግን አይዋስም።

የምለው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይጠቃለላል። እናቶቻችን ገንዘባቸውን ሊያወጡ ወደ ባንክ በሚመጡበት በዚያው ሳምንት፣ ከጥለቱ ቀለም ጋር ዚፑንም ያስቡት። ጥጡን የገዛች እጅ ዚፑንም ትግዛው፤ ልብስ ሰፊውንም ለዚፑ ሥራ ጥቂት ትጨምርለት፤ በጥድፊያ ከሚሰፋ ይልቅ ወስውሶ ይሰፋ ዘንድ ጊዜና ዋጋ ይገባዋልና። ይህ ትንሽ ነገር ነው ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፤ ትልቁ ድካም የሚታሰረው በዚሁ በትንሹ ነገር ነው።

እናት ዓመት ሙሉ እንዝርቷን ስታሾር፣
ሸማኔው ከጉድጓድ ድርና ማግ ሲያኖር፤
ልጅ ሻደይዋን ታጥቃ በሆታ ስትከበብ፣
በአንዲት ጥርስ ስንፍና አይፈታ ጥበብ።

ቸር ይግጠመን።